አባቱን የመለሱለት ሱፐርማን

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የጉና ብርድ ዛሬም እንደ ልማዱ ቁልቁል ወርዷል፤ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ከደብረ ታቦር የሚነሣ ተራኪ ከአፄ ቴዎድሮስ ሌላ ምን ወሬ አለው ብላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ፣ የጋፋትን መድፍ ለሌላ ቀን አቆዩልኝ። የዛሬው ባለታሪኬ ቀይ ካባ ደርቦ ሰማይ ለሰማይ የሚከንፍ ጎልማሳ ነው። ሱፐርማን ይባላል። በየከተማው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ያየነው፣ ልጆቻችን ዛሬ በስልካቸው የሚያዩት ሰውዬ። ጉልበቱን ታውቁታላችሁ፤ እሱን አልነግራችሁም። ሁለተኛው ፊልሙ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደተሠራ፣ በፊተኛው አባቱን ማን እንደወሰደበት፣ ከ26 ዓመት በኋላ ደግሞ ማን እንደመለሰለት ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ የሚነሣው ከሌላ አባትና ልጅ ነው። አባትየው አሌክሳንደር ሳልኪንድ፣ ልጁ ኢልያ ሳልኪንድ ይባላሉ፤ ገንዘብ አሰባስበው ፊልም የሚያሠሩ፣ ፕሮዲዩሰር የምንላቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የሱፐርማንን የፊልም መብት ገዙ። ከዚያ በፊት ሪቻርድ ሌስተር በሚባል ዳይሬክተር «ሦስቱ ሙስኬተሮች»ን አሠርተው ነበር። ተዋናዮቹ አንድ ፊልም ሠራን ብለው ደመወዛቸውን ተቀብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሳልኪንዶች የተቀረጸውን ለሁለት ከፍለው ሁለት ፊልም አድርገው ሸጡት! ተዋናዮቹ ከሰሱ። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የተዋናዮች ውል ላይ የሚሠራው ፊልም ስንት እንደሆነ ተለይቶ እንዲጻፍ የሚያስገድድ አንቀጽ ገባ፤ እስከ ዛሬም «የሳልኪንድ አንቀጽ» ይባላል። ሰው በስሙ ሕግ ሲወጣለት ክብር ነው ይባላል፤ የነሱ ግን ሌሎች እንዳይደግሙት የወጣ ሕግ ነው። ሌስተር የሚለውን ስም ያዙልኝ፣ ይመለሳል።

በሱፐርማን ጊዜ እንግዲህ ሁለት ፊልም መሆኑን ከመነሻው ተናገሩ። የ«ጎድፋዘር»ን ደራሲ ማሪዮ ፑዞን አስጻፉ። ዳይሬክተር ሲፈልጉ ቆይተው «ኦመን» በተባለው አስፈሪ ፊልሙ በ1976 ስሙ የገነነውን ሪቻርድ ዶነርን አገኙ። ለሱፐርማን አባት ለጆር-ኤል ደግሞ የዘመኑን ንጉሥ፣ ማርሎን ብራንዶን አመጡ። ሁለት ሳምንት ላልሞላ ቀረጻ 3.7 ሚሊዮን ዶላር፣ በዚያ ላይ ከገቢው ድርሻ። ካባውን ለብሶ የሚበረው ልጅ፣ ማንም የማያውቀው ክሪስቶፈር ሪቭ፣ ለሁለቱም ፊልም የተከፈለው 250 ሺህ ነው። አባት ሚሊዮን፣ ልጅ ሺህ። ይህን የገንዘብ ልዩነት ልብ በሉ፤ ኋላ አባትየውን ከፊልሙ የሚያስወጣው እሱ ነው።

ቀረጻው በመጋቢት 1977 እንግሊዝ አገር ተጀመረ። እኛ በዚያን ጊዜ በ1969 ዓ.ም. ምን ላይ እንደነበርን ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ሁለቱ ፊልሞች ባንድ ላይ ይቀረጹ ነበር። ብራንዶ ባለበት የአንደኛውንም የሁለተኛውንም ይቀርጻሉ፤ ክፉውን ሌክስ ሉተርን የሚጫወተው ጂን ሃክማን ሲገኝ እንዲሁ። ጊዜው ረዘመ፣ ወጪው ናረ። ዶነርና ሳልኪንዶች መነጋገር ተሳናቸው። በመካከል ቃል አቀባይ ሆኖ የመጣው ማን ይመስላችኋል? ሌስተር። የታረቁ መስሎ ሥራው ቀጠለ፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ አልበቃ አለና ሁለተኛውን አቁመው አንደኛውን ለመጨረስ ተስማሙ። አንደኛው ፊልም ጠንካራ መደምደሚያ ያስፈልገው ስለነበር የሁለተኛውን መደምደሚያ ቀምተው ለአንደኛው ሰጡት፤ ሱፐርማን ምድርን ዞሮ ዞሮ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስበትን ማለቴ ነው። ይህ ብድር ሳይከፈል ቀርቶ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

አንደኛው ፊልም በታኅሣሥ 1978 ወጣ። በዓለም ዙሪያ 300 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ደስታ በደስታ መሆን ሲገባው ብራንዶ ድርሻዬን አጉድላችኋል ብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። ሳልኪንዶች ተቀምጠው አሰቡ። ሽማግሌው በሁለተኛውም ፊልም ከታየ ከሁለተኛውም ገቢ ያካፍሉታል። ካልታየ አያካፍሉትም። ሂሳቡ ይኸው ነው፣ ሌላ ረቂቅ ምክንያት አትፈልጉለት። የብራንዶ ምስል ተቀርጾ፣ ታጥቦ፣ መጋዘን ተቀምጧል፤ ይውጣ ተባለ።

ዶነር ሁለተኛውን ፊልም አብዛኛውን ቀርጾታል፤ ሦስት አራተኛ ያህሉን ይባላል። አንደኛው በድል ወጥቷል፤ ተመልሼ እጨርሰዋለሁ ብሎ ሲጠብቅ በ1979 ቴሌግራም ደረሰው፤ ያንተ አገልግሎት ከእንግዲህ አያስፈልግም የሚል። ፊት ለፊት ያስቀመጠው፣ እጁን ጨብጦ ያሰናበተው ሰው የለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሌስተር ነው።

ሌስተር የዋዛ ሰው እንዳይመስላችሁ። ቢትልሶችን በ1964 ፊልም ላይ ያስቀመጣቸው፣ ቀልድን በጊዜው መጣል የሚችል ባለሙያ ነው። ግን የገባበት ሥራ ሌላ ሰው የቆረሰው እንጀራ ነበር። ስሙ በዳይሬክተርነት እንዲጻፍ ከፊልሙ ከግማሽ በላይ እሱ የቀረጸው መሆን ነበረበት ይባላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተቀርጾ ያለቀው ትዕይንት እንደገና ተቀረጸ። ሃክማን ያለ ዶነር አልመለስም አለ፤ ስለዚህ በሁለተኛው ፊልም የሃክማን ፊት የሚታይበት ሁሉ የዶነር እጅ ነው፤ የጎደለውን ከኋላ የሚመስለው ሰውና ድምፁን የሚያስመስል ሌላ ሰው ሞሉት። ሎይስ ሌንን የምትጫወተው ማርጎት ኪደር በአደባባይ ተቆጣች። የመጀመሪያውን ፊልም በዚያ እንደ ጭጋግ በለሰለሰ ብርሃን የቀረጸው ጄፍሪ አንስዎርዝ በ1978 ሞቶ ነበር። ሙዚቀኛው ጆን ዊሊያምስም አልተመለሰም፤ የሱን ዜማ ኬን ቶርን እያሻሻለ ሠራበት።

እንዲህ ተሰፍቶ የወጣው ፊልም በታኅሣሥ 1980 ዓለምን መዞር ጀመረ፣ አሜሪካም በሰኔ 1981 ደረሰ። ሰው ወደደው። ይህን መደበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ፊልሙ አስደሳች ነበር። በቪዲዮ ካሴት ዓለምን ያዳረሰውም ይኸው ነው።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች አንድን ጀግና ሁለት ጊዜ መስማት አያስደነግጠንም። አፄ ቴዎድሮስን ደብተራ ዘነብ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ጻፏቸው፤ የዘነብ ዜና መዋዕል መቅደላ ሳይደርስ ያቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም ደግሞ ሁሉም ካለፈ በኋላ ተነሥተው የኋለኛውን ዘመን መከራ ሳይሸፋፍኑ ጻፉት። ሁለቱንም ያነበበ ሰው አንዱን ጥሎ አንዱን አያነሣም። እኔም ሁለቱን ሱፐርማኖች፣ ያኔ የወጣውን የሌስተሩንና ከ26 ዓመት በኋላ ከዶነር ቀረጻ የተሰፋውን፣ ጎን ለጎን አቁሜ ላሳያችሁ።

የሌስተሩ ፓሪስ ላይ ይከፈታል። ሽብርተኞች ኤፍል ማማ ላይ ሃይድሮጅን ቦምብ አጥምደዋል። ሱፐርማን ቦምቡን ከነአሳንሰሩ ነቅሎ ወደ ጠፈር ይወረውራል፤ ሲፈነዳ ከሱፐርማን የትውልድ ፕላኔት ከክሪፕተን የተባረሩ ሦስት ወንጀለኞች የታሰሩበትን የመስተዋት እስር ቤት ይሰብራል። ጄኔራል ዞድ፣ ኧርሳና ነን ይፈታሉ። ዞድን የሚጫወተው ቴሬንስ ስታምፕ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ሰው የሚያንበረክክ። በዶነሩ ፓሪስ የለችም። በአንደኛው ፊልም መጨረሻ ሱፐርማን ወደ ጠፈር የወረወረው የሌክስ ሉተር ሚሳይል ነው እስር ቤቱን የሚሰብረው። ልዩነቱን ታያላችሁ? በሌስተሩ ጠላት የሚፈታው በድንገት በመጣ አደጋ ነው። በዶነሩ ልጁ አገር ያድናል ብሎ የሠራው ደግ ሥራ ነው ዞሮ ጠላቱን የፈታው። ለኔ የሚጥመኝ ይኸኛው ነው። ሰው በበጎ ሥራው መዘዝ ሲያዝ ነው ትረካ የሚሞቀው።

ቀጥሎ ሎይስ አለች። ይቺ ጋዜጠኛ ክላርክ ኬንት የሚባለው መነጽር ያደረገ ዓይናፋር ባልደረባዋና ሱፐርማን አንድ ሰው መሆናቸውን ጠርጥራለች። በዶነሩ ገና ከመጀመሪያው የሱፐርማንን ፎቶ ጋዜጣ ላይ አውጥታ መነጽርና ኮፍያ ትስልበታለች። አየችው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቆማታል? በጋዜጣው ሕንፃ መስኮት ዘልላ ትወርዳለች፤ ሱፐርማን ከሆንክ አድነኝ ማለቷ ነው። ክላርክ በዓይን ጥቅሻ ታች ወርዶ፣ በትንፋሹ ውድቀቷን አዝግሞ፣ የሱቅ ዳስ አስዘርግቶላት፣ ፍራፍሬ ላይ አሳርፏት፣ ተመልሶ መስኮቱ ላይ ቆሞ ምን ሆነሽ ይላታል። ተንኮሉ አልያዘላትም። ሌስተር ይህን ጥሎ ኒያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ወንዝ ውስጥ አስገባት፤ ክላርክ በዓይኑ እሳት ቅርንጫፍ ቆርጦ አቀበላት። ሐሳቡ አንድ ነው፣ የሌስተሩ ግን እርጥብ ብቻ ነው።

ምሥጢሩ የሚወጣበት ጊዜ ደግሞ አለ። በሌስተሩ ክላርክ ሆቴል ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ጠልፎት እጁ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሎይስ ደንግጣ እጁን ስትይዘው አልተቃጠለም። በዶነሩ ሽጉጥ አውጥታ ትተኩስበታለች። እሱ መነጽሩን አውልቆ፣ ቀና ብሎ፣ ድምፁን አጎርንኖ፣ ተሳስተሽ ቢሆን ኖሮ ክላርክ ይሞት ነበር ይላታል። እሷም ጥይቱ ባዶ እንደነበረ ትነግረዋለች! ተሸወደ። ያ የብረት ሰው በአንዲት ጋዜጠኛ ብልሃት ተሸወደ።

ግን እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስፌቱን ተመልከቱ። ይህን ትዕይንት ዶነር ለፊልሙ አልቀረጸውም፤ ሳይደርስበት ተባረረ። የተገኘው ቀረጻው ሳይጀመር ሪቭና ኪደር ለመታጨት ከተፈተኑበት የሙከራ ቀረጻ ነው። ሙከራዎቹ ተቀጣጥለው አንድ ትዕይንት ሆኑ። ስለዚህ ሪቭ በድንገት ይከሳል። ፀጉሩ ይለወጣል፣ መነጽሩ ይለወጣል፤ ገና ያኔ ዴቪድ ፕራውስ፣ ያ ዳርት ቬደርን ለብሶ የሚቆመው ግዙፍ ሰው፣ ብረት እያሸከመ ጡንቻ አላወጣለትም። የሚገርመው ግን ተዋናዮቹ ያኔ ሥራውን ማግኘት አለማግኘታቸውን ሳያውቁ የሠሩት ያ ሙከራ፣ በብዙ ወጪ ከተሠራው ምድጃ በላይ ሕይወት አለው። ስፌቱ ይታያል፤ ይታይ።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ልጁ ሎይስን ወዶ ከሷ ጋር እንደ ሰው መኖር ፈለገ። በበረዶ ውስጥ ያለው ቤቱ ሄዶ ምክር ይጠይቃል። በሌስተሩ የምትመልስለት እናቱ ላራ ናት፤ ሱዛና ዮርክ። እናትን ያህል ነገር ማቃለሌ አይደለም፣ እናቱ ጥሩ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ግን እሷ የተጠራችው በብራንዶ ቦታ ቀዳዳ እንድትደፍን ነው፣ ያስታውቃልም። እንደ ሰው ለመኖር ኃይሉን መተው እንዳለበት ትነግረዋለች፣ ይስማማል፣ ኃይሉን ያጣል። አንድ ክርክር የለም።

በዶነሩ አባት አለ። ጆር-ኤል ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ የቀረው በክሪስታል ውስጥ ያስቀመጠው ድምፁና ምስሉ ነው። ልጁ ከዚህ ምስል ጋር ይከራከራል። ለሰው ሁሉ እንዲሆን የተላከ ለአንዲት ሴት ብቻ ሊሆን አይችልም ይላል አባት። ስንት አገልግዬ፣ ስንት አድኜ፣ ለራሴ ጥቂት ደስታ አይገባኝም ወይ ይላል ልጅ። ብራንዶ ይቆጣል። ሪቭ አባቱን እንደሚደፍር ጎረምሳ ይቆማል። ይህን ክርክር በየቤታችን የማያውቀው ማን ነው? ልጁ ለክህነት ታስቦ ነጋዴ ልሁን ያለበት፣ ልጅቷ ለአንዱ ታጭታ ሌላ የወደደችበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል። በመጨረሻ ልጁ የአባቱን ምክር እምቢ ብሎ የሰው ኑሮ መረጠ፤ ኃይሉን አጣ።

ኃይል ያጣው ሰው መንገድ ላይ ባለች ምግብ ቤት በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ይደበደባል። የራሱን ደም ያያል፤ አይቶት አያውቅም። በዚያው ሰዓት ዞድ ዓለምን አንበርክኳል። ልጁ በእግሩ በበረዶ ላይ ወደዚያ ቤት ይመለሳል። በሌስተሩ ምን ይሆናል? አረንጓዴ የምታበራ ክሪስታል ወለል ላይ ያገኛል። ተቆረጠ። ቀጥሎ ስናየው እየበረረ ነው። እንዴት ተመለሰ? ማን መለሰለት? ምን ተከፈለ? ዝም! ስንት ሕፃን በየቪዲዮ ቤቱ ይህን ጥያቄ ጠይቆ ዝም በል ተብሎ ይሆን።

በዶነሩ ልጁ ወድቆ አባቱን ይጠራል። ጆር-ኤል ይመጣል። ይህ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ አውቆ ነበር፤ የቀረችው የመጨረሻ ኃይሉ ለዚህ ቀን የተቀመጠች ናት። ያቺን ከሰጠ ከእንግዲህ አይናገርም፣ አይታይም፤ ልጁ ዳግመኛ ምክር አያገኝም። እጁን ይዘረጋል። ይነካዋል። ልጁ ይወድቃል፣ አባት ይጠፋል። ሱፐርማን ሲነሣ አባት የለውም። ሳልኪንዶች የቆረጡት ይህን ነው። እነሱ የአንድ ውድ ተዋናይ ደቂቃዎች ቆረጥን ብለው ነበር፤ ፊልሙ የቆመበትን ምሰሶ ነው የነቀሉት። ያለዚህ ትዕይንት የሱፐርማን ጉልበት እንደ መንገድ ሳንቲም ወለል ላይ የምትገኝ ነገር ናት።

ድፍረት አይሁንብኝና፣ ይህን ታሪክ ደብረ ታቦር ላይ ሲተርኩት ሌላ ቃና አለው። ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት፣ በታቦር ተራራ የአብ ድምፅ ስለ ልጁ መሰከረ ብለን እናከብራለን፤ ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከዚያ ተራራ ነው። በዚያ ምሽት ብርሃኑን ያዩ እረኞች ቀን መስሏቸው በመስክ ቢቆዩ፣ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ሙልሙል ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ጅራፍ የሚያጮኸው ልጅ ሁሉ ያንን ያውቃል። የሱፐርማን ጸሐፊዎችም አንድ ልጁን ወደ ምድር የሚልክ አባት ሲጽፉ ከወዴት እንደቀዱት አልሸሸጉም። ምሳሌው ለነሱ የፊልም ጌጥ ይሁን ሌላ፣ እነሱ ያውቃሉ። የአባቱን ድምፅ ከዚህ ታሪክ ማውጣት ግን ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አንድ ሌላ ደግሞ አለ፣ ይኸኛው የራሳችን። አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ የፎገራ ናበጋ ጊዮርጊስ ሰው። ቀልዳቸውን የሚያወራ ሁሉ ሊቅነታቸውን ይረሳል። እንደሚተረከው የጣናን ማዕበል፣ የቄጠማውን ውዝዋዜ አይተው አዲስ ዝማሜ አወጡ፤ መቋሚያና ሰውነት ከዜማው ጋር ወዲያና ወዲህ የሚሄድበት። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። ካህናቱን ሊያስቆጣ የሚችል አዲስ ነገር ነበረና ሥራቸው ሳይታይ ሊቀበር ሆነ። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ልጁ ይዞት መጣ፤ የት? እዚሁ ደብረ ታቦር። ዛሬ የተክሌ ዝማሜ ይባላል። አባት ያወጣው፣ በልጁ ስም የሚጠራ፣ ከዚህ ተነሥቶ በየደብሩ የሚዘመም። ጎንደር ብቻ ብትወስን ኖሮ አናየውም ነበር። ከሳልኪንዶች ይልቅ የጎንደር ሊቃውንት ይሻላሉ፤ እነሱ የተከራከሩት ስለ ሥርዓት ነበር፣ ስለ ድርሻ አልነበረም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ብራንዶ መጋዘን ውስጥ እንደታሸገ ቀረ። በ1984 ፊልሙ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታይ ርዝመት ለመጨመር ተብሎ አንዳንድ የተጣሉ ትዕይንቶች ገቡ፤ ያኔ ወዳጆቹ ሌላ ፊልም ከሥር እንዳለ ነቁ። ደብዳቤ ጻፉ፣ ለመኑ፣ ዓመታት ለመኑ። ማይክል ታው የሚባል አርታኢ የዶነርን የተረሳ ቀረጻ መልቀምና ማጠብ ያዘ። ብራንዶ በሐምሌ 2004 ሞተ። ከፈረስ ወድቆ ለዘጠኝ ዓመት ያለ መንቀሳቀስ የኖረው ክሪስቶፈር ሪቭም በዚያው ዓመት በጥቅምት አረፈ። በ2006 «ሱፐርማን ይመለሳል» የተባለው ፊልም ሲሠራ የብራንዶ ምስል አስፈለገና ከወራሾቹ ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በዚህ ቀዳዳ አሮጌው አባትም ሾልኮ ገባ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 2006፣ በኛ ኅዳር 19 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ የሪቻርድ ዶነር ቅጂ በዲቪዲ ወጣ። ለሪቭ መታሰቢያ ተደረገ። የሌስተሩ 127 ደቂቃ፣ የዶነሩ 116። ባልሳሳት እምብዛም የማይታይ ነገር ነው፤ አንድ ዳይሬክተር የተነጠቀው ፊልም ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ቆይቶ በስሙ ሲወጣ።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን፤ ይህ ዶነር በ1979 ሊጨርሰው የነበረው ፊልም አይደለም። ያ ፊልም የለም። ያልቀረጸው ትዕይንት አልተቀረጸም፤ ታሪኩ እንዲያያዝ የሌስተርም ቀረጻ ገብቶበታል። ዞድ ተራራ ላይ የተቀረጹትን የፕሬዚዳንቶች ፊት የሚለውጥበትን የሌስተርን ትዕይንት አውጥተው የዋሽንግተንን ሐውልት በኮምፒውተር አስወድቀዋል፤ አዲሱ ሥዕል ከአሮጌው አጠገብ አያምርም። የከተማው ጦርነት ላይ ደግሞ አልዘገይም፤ አውቶቡስ መወራወር ነው። እዚያ ላይ ዶነር ያተረፈው የሌስተርን ቀልድ መቀነሱ ነው፤ ነፋሱ ከተማውን እየነቀለ አንዱ በወደቀ የስልክ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ወሬውን ይቀጥል ነበር፣ የአንዱ አይስክሬም ሌላው ፊት ላይ ያርፍ ነበር። ሞት አጠገብ ሲሆን ቀልዱ ትዕይንቱን ያረክሳል። ሱፐርማን ከደረቱ ላይ ምልክቱን ነቅሎ እንደ ነጠላ ዘርግቶ ጠላቱን የሚጠቀልልበትም ማንም ሳያለቅስለት ቀረ።

መጨረሻው ላይ ግን የዶነሩ ይሸነፋል፣ ደፍሬ ልናገር። በሌስተሩ ክላርክ ሎይስን ስሞ ምሥጢሩን ያስረሳታል። አስማት ነው፣ ሞኝነትም አለበት፣ ሴትዮዋንም ማንም አላማከራትም። ሆኖም እሱ ያስታውሳል፤ እሷ ረስታ እንደ ድሮው ስታዘው እያወቀ ይታዘዛታል። ቅጣቱ የሱ ነው። በዶነሩ ሱፐርማን ምድርን ዞሮ ጊዜን ይመልሳል። ያ የተበደሩት መደምደሚያ ነው እንግዲህ፤ ለሁለተኛው ተጽፎ ለአንደኛው የተሰጠው። ሌላ ተቀርጾ የተቀመጠ መጨረሻ አልነበራቸውም፤ ያላቸውን አስቀመጡ። ሁለቱን ፊልም በተከታታይ ላየ ሰው ግን ያው ዘዴ ሁለት ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጊዜ ሲመለስ ሁሉም እንዳልሆነ መሆኑ ነው። ዞድ ወደ እስር ቤቱ ተመለሰ፣ ሎይስ አታውቅም፣ ደሙ አልፈሰሰም። አባትስ? ያ የመጨረሻ ኃይሉን የሰጠው አባት፣ ጊዜ ከተመለሰ እሱስ አልሞተም ማለት ነው? ፊልሙ አይመልስም። ስንት ዓመት የተጠበቀውን መሥዋዕት ሰጥቶን ወዲያው በሌላ እጁ ይሰርዘዋል።

እንግዲህ የትኛውን እንይ የሚል ካለ፣ እኔን ከጠየቃችሁ በመጀመሪያ የሌስተሩን ከልጆቻችሁ ጋር እዩ፤ ይስቃሉ። በሌላ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የዶነሩን ክፈቱ፤ አባትና ልጅ ሲከራከሩ ስትሰሙ ፊተኛው ፊልም ምን ጎድሎት እንደነበር ያኔ ይገባችኋል። መደምደሚያው ላይ ስትደርሱ ግን ብዙ አትመራመሩ። ምክንያቱም ፊልሙ ሲያበቃ ክላርክ ወደዚያች ምግብ ቤት ተመልሶ የደበደበውን ሾፌር በተራው ይቀጣዋል፤ በሌስተሩ ደስ የሚል ብቀላ ነበር፣ በዶነሩ ግን ጊዜ ተመልሷል፣ ድብደባው አልተፈጸመም፣ ሰውየው ክላርክን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ምሳውን እየበላ ተቀምጦ ሳለ አንድ መነጽር ያደረገ እንግዳ መጥቶ በጠረጴዛው ላይ አስፈንጥሮ ወረወረው። ምስኪኑ እስከ ዛሬ ለምን እንደተመታ የነገረው የለም።